መሐል ሜዳ እጠብቅሃለሁ

የዚያን እሁድ በመሐል ሜዳ ከተማ «እንዴት አደርክ» መባባል ቀርቶ ነበር ማለት ይቻላል። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሁሉ የሚጠያየቀው አንድ ነገር ነው፤ «አንተ የቆርቆሮ ነህ የሣር?» ባልና ሚስት ተኳርፈው ያስቀደሱበት ቀን ነበር። ለእንግዳ ሰው ነገሩ የቤት ክዳን ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። የልብ ጉዳይም እንዳለበት የሚያውቁት ከከተማው ሰው ሁሉ ጥቂቶች ነበሩ። ከእነሱም ዋናዎቹ ሁለቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተዘጋግተዋል።

መጀመሪያ ቆርቆሮና ሣሩን ላስረዳ። ቀይ ቀበሮ የከተማችን የእግር ኳስ ክለብ ነው። ስሙን ያገኘው ጓሳ በሚባለው የጋራ የሣር መሬታችን ላይ ከሚኖረው ቀበሮ ሲሆን፣ እንደ ስሙ ቀጭንና ብልጥ ነው፤ እንደ ስሙም ሊጠፋ ትንሽ ቀርቶት ነበር። በ1995 ዓ.ም. መስከረም ላይ ግን የጎረቤት ከተማውን የቀየትን ቡድን ሦስት ለአንድ አሸነፈና ለዞኑ ውድድር አለፈ። ደስታው ሳይበርድ ከዞኑ ደብዳቤ መጣ። ሜዳው አጥርና የተመልካች መቀመጫ ከሌለው ውድድሩን ማስተናገድ አይችልም ይላል። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሁሉም ሰው መሐንዲስ ሆነ።

«እኔ እሠራዋለሁ» አሉ አቶ ገሠሠ፣ የከተማው ትልቁ የሕንፃ ዕቃ መደብር ባለቤት። ዙሪያውን በቆርቆሮ ሊያጥሩት፣ በአንድ ወገን እንደ አዲስ አበባ ስታዲየም ያለ ጥላ ፎቅ ሊያቆሙ፣ የብረት በር ሊያስገቡ ነው። በምላሹ የጠየቁት ሜዳውም ክለቡም የእሳቸው ሆኖ በስማቸው እንዲጠራ ብቻ ነው። «ብቻ» ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ እሳቸው ናቸው።

የተመልካች መቀመጫው በሣር ይከደን የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ደግሞ ማዕረግ ነው። ማዕረግ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሲሆን ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ቢሮ የሕንፃ ፕላን ይነድፋል። አባቱ አቶ አባይነህ ሃያ ዓመት ሙሉ የሜዳውን መስመር በአመድ ሲያሰምሩ የኖሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሥራው ደመወዝ የለውም፤ ክብሩንም የሚያይላቸው ጥቂት ሰው ነው።

ማዕረግ ግን የሚወደውን ሰው ከማን ቤት መረጠ? ከአቶ ገሠሠ ቤት። ኮከብ የአቶ ገሠሠ አንድ ልጅ ናት። በቀን ከአባቷ መደብር ሚስማርና ማጠፊያ ትሸጣለች፤ ማታ ማታ የክለቡ ጸሐፊ ናት። ጨዋታ ስታይ ጥፍሯን ትበላለች፤ ዳኛ ሲሳሳት ደግሞ ከወንዶቹ በላይ ትጮኻለች። ማዕረግ የወደዳት ስትጮኽ አይቷት ነው። ሁለት ዓመት በደብዳቤ ቆዩ። ደብዳቤዎቹን የሚያመላልሰው የአውቶቡሱ ሾፌር ማሙሽ ሲሆን፣ «እናንተ ባትኖሩ መንገዱ ይረዝምብኝ ነበር» እያለ ይቀልዳል። ከመስከረሙ ድል አንድ ወር በፊት፣ ነሐሴ ላይ አቶ ገሠሠ ነገሩን ሰሙ። አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር የተናገሩት። «የአመድ በታኝ ልጅ ልጄን?»

ከዚያ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ነው ኮከብ ያቺን አጭር ደብዳቤ የላከችው። ማዕረግ በቃሉ ይዟታል። «ቅዳሜ በስምንት ሰዓት መሐል ሜዳ እጠብቅሃለሁ። ከመጣህ አብረን አባቴ ፊት እንቆማለን። ካልመጣህ ግን ምክንያትህን አልጠይቅህም፤ አንተም እንዳትጽፍልኝ።»

ማዕረግ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ተሳፈረ። ሰባት ተኩል ላይ ከተማዋ ደርሶ፣ አውቶቡሱ ከሚቆምበት ዋናው መንገድ ዳር ፀጉሩን አስተካክሎ ቆመ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። የገበያው ሰው አየው፣ ባለ ሻይ ቤቷ ሁለቴ አዘነችለት። እስከ አሥራ አንድ ተኩል ቆመ። የኮከብ ቤት ከዚያ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። አምስት ደቂቃ መራመድ ካቃታት ነገሩ አልቋል ብሎ አሰበና በማግስቱ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሰ። አልጻፈላትም። አልጻፈችለትም። እሁድ ጠዋት ደግሞ የገበያው ሰዎች ኮከብን «ትናንት ማዕረግን ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጋ አየነው» ብለው ነገሯት። ከተማ ውስጥ መሆኑን ስትሰማ የሆነችውን መናገር አያስፈልግም። ልቧን ቆለፈችው።

* * *

አሁን ወደ ስብሰባው እሁድ እንመለስ። ማዕረግ ፕላኑን ሊያቀርብ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ነበር። ገና በጠዋቱ አቶ ገሠሠ አስጠሩት። መደብራቸው ዝግ ነው፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። ማዕረግን ይበልጥ ያስደነገጠው ይህ ነበር።

«ወረቀቱን ይዘኸዋል?» አሉት።

«ይዤዋለሁ ጋሼ።»

«አሳየኝ አልልህም። ጥሩ እንደሆነ ሰምቻለሁ። አንተም ሥራህን የምታውቅ ልጅ ነህ ይላሉ።» ወደ እሱ ጠጋ አሉ። «እኔ ሰው አላባብልም፤ በቀጥታ ልንገርህ። ልጄ ሦስት ሳምንት እህል በወጉ አልቀመሰችም። ብጠይቃት አትመልስም። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሆና አላየኋትም። ስለዚህ ዛሬ ወረቀቱን ኪስህ ውስጥ ተወው። ሜዳውን እኔ ልሥራው። በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌ ላክ፤ በሬ ክፍት ነው።»

የማዕረግን የሁለት ዓመት ሕልም ደጃፍ ላይ ቆመው እየሰጡት ነው።

«ከዘረጋሁትስ?» አለ።

«ከዘረጋኸው በሬን አታንኳኳ። ሕዝብ ፊት አዋርዶኝ ማታ አማቼ የሚሆን ሰው የለም።»

ማዕረግ አንገቱን ደፋ። እህል አልቀመሰችም የሚለውን ቃል ሰምቷል። ግን ያቺ ቅዳሜ ትዝ አለችው። ብትፈልገው አምስት ደቂቃ ትራመድ ነበር። አባቷ የሚሰጡት እሷ የማትሰጠውን ነገር ከሆነ ምን ያደርግለታል? እጅ ነስቶ ሄደ። መንገድ ላይ ወስኖ ጨረሰ። የሚያጣው ነገር ከሌለ ፕላኑን ይዘረጋዋል። መወሰኑ ግን ምንም አላስደሰተውም።

* * *

በአራት ሰዓት ሜዳው ላይ የተገኘው ሰው ከተጠበቀው ግማሽ አይሞላም። ኅዳር ነበር፤ ውርጩ ከሣሩ ላይ ገና አልለቀቀም። የደጋፊ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መምህር ኪዳነ ወልድ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። ሰዓታቸውን ደጋግመው እያዩ ይቆጣሉ። ኮከብ የስብሰባውን መዝገብ ደረቷ ላይ አቅፋ ከሜዳው መካከል ቆማለች። ማዕረግን አይታዋለች። እንዳየችው ያወቀው ወዲያው ፊቷን ወደ ሌላ ስላዞረች ነው። ሰው የማያየውን ነገር አይሸሽም።

አንድ ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ከከተማው በኩል ሕዝብ ግልብጥ ብሎ መጣ። ከፊት የምትመራው እትዬ ጌታነሽ ናት። እትዬ ጌታነሽ ቆሎ ትሸጣለች፣ በጨዋታ ቀን ደግሞ ከሃያ ጎረምሳ የበለጠ ትደግፋለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች።

«ማነው ይህን ማስታወቂያ የጻፈው?» አለች ገና ከሩቅ። «የቀበሌው አዳራሽ ደጃፍ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ በብርድ ተገተርን። ዘበኛው ሳይቀር ሳቀብን።»

መምህር ኪዳነ ወልድ መነጽራቸውን አድርገው ማስታወቂያውን አነበቡ። «የቀይ ቀበሮ ደጋፊዎች ጠቅላላ ስብሰባ እሁድ በአራት ሰዓት መሐል ሜዳ ይካሄዳል። ጸሐፊ፣ ኮከብ ገሠሠ። ይኸው ነው የሚለው።»

«መሐል ሜዳ ብዬ ጽፌአለሁ እኮ፣ እትዬ ጌታነሽ» አለች ኮከብ።

«እኛስ ወዴት ነው ያለነው ልጄ? ከተማው ሁሉ መሐል ሜዳ አይደለም ወይ? እኔ ቤቴ ብተኛም መሐል ሜዳ ነኝ። ስብሰባ ከተባለ አዳራሽ ነው አልን፤ ሄድን።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኮከብ ግን አልሳቀችም። መሬት ላይ ወዳለው የአመድ ክብ አቀርቅራ፣ ኳስ በሚነሳበት ነጥብ ላይ የጫማዋን ጫፍ አሳረፈች።

«ለእኔ መሐል ሜዳ እዚህ ነው» አለች። «ሌላ መሐል ሜዳ አላውቅም። የነገርኩት ሰው ሁሉ የሚገባው ይመስለኝ ነበር።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ስትናገር ድምፅዋ ቀጠነ። እትዬ ጌታነሽ «ታዲያ ምን ያስቆጣሻል» ብላ አጉረመረመች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ነገሩ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ማዕረግ ነው።

ከደብረ ብርሃን ለሚሳፈር ሰው መሐል ሜዳ ማለት ማሙሽ አውቶቡሱን የሚያቆምበት ከተማ ነው። ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ያው ነው። ጥፍሯን እየበላች ጨዋታ ለምታይ ልጅ ግን መሐል ሜዳ ማለት መሐል ሜዳ ነው። ገበያ ቀን ሰው በሌለበት፣ በዚያ ነፋስ፣ ይህ ክብ ውስጥ ብቻዋን ቆማለች። እሱን ጠብቃለች። እሱ ደግሞ ከእሷ የሁለት ጥይት ተኩስ ያህል ብቻ ርቆ «አልመጣችም» ብሎ ሲቀየም ነበር። ማዕረግ ሊስቅም ሊያለቅስም ፈለገ። ራሱን ቢመታ ደስ ይለው ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ጠዋት የሚያጣው ነገር አልነበረውም። አሁን አለው።

* * *

ክርክሩ ተጀመረ። እኔ ብዙ ስብሰባ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ዓይነት ግን አላየሁም። ሻይ ቤት ዲሽ ሲያዩ የሚያመሹት ወጣቶች የአውሮፓ ስታዲየም ዓይነት ይሠራልን አሉ፤ ወንበሩ ቁጥር ያለው፣ ክብ የሆነ፣ ማታ የሚበራ። አንዱ «ጥላ ፎቅ የሌለው ስታዲየም ስታዲየም አይባልም» አለ።

«የምን ጥላ?» አለች እትዬ ጌታነሽ። «መንዝን ፀሐይ መቼ አስቸግሮት ያውቃል? እኛን የሚያስቸግረን ነፋስ ነው። እንዲያውም ፀሐይዋን ከጋረዳችሁብኝ ቆሎዬን ይዤ ወደ ቤቴ ነው።»

«ካታንጋም ያስፈልገናል» አለ ሌላው።

«ካታንጋ የሚባለው ድሃ የሚቀመጥበት ነው፤ እኛ ሁላችን ካታንጋ ነን» ተባለና ተሳቀ።

አቶ ገሠሠ ተነሱ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ፤ ይከበራሉ። «ወገኖቼ» አሉ፣ «እኔ ይህን ክለብ ከልጅነቴ ጀምሮ ስከተል ኖሬአለሁ። የጋራ የተባለ ነገር ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ። የአዳራሹን መስኮት ማን ጠገነው? ማንም። ሁሉም ሌላው ይጠግነዋል ይላል። ባለቤት ሲኖረው ግን የሚጠየቅ ሰው አለ። ስሜ ይጻፍበት ያልኩት ለክብር ብቻ አይደለም። ቢፈርስ ስሜ ነው የሚፈርሰው።»

እውነት ለመናገር ጥሩ ንግግር ነበር። ብዙ ራስ ተነቀነቀ።

«አሁን ደግሞ ማዕረግ አባይነህ ፕላኑን ይዘርጋልን» አሉ መምህር ኪዳነ ወልድ።

ማዕረግ ወደ መካከል ወጣ። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ኮቱ ውስጥ ነው። አቶ ገሠሠ ዓይናቸውን ከእጁ ላይ አላነሱም። ኮከብ ከመዝገቡ ላይ ቀና አላለችም። ብዕሯ ግን አይንቀሳቀስም። ወረቀቱን ቢተወው በሚቀጥለው ሳምንት በሩ ክፍት ነው፤ እሷን ያገኛታል። የሁሉንም ሰው ሜዳ ሸጦ ያገኛታል። ይህን የምታውቅ ኮከብ እንዴት አድርጋ ታየዋለች? እንደ መደብሩ ዕቃ አባቷ እንደሰጧትስ ስታውቅ?

«ከፕላኑ በፊት» አለ፣ «ስለ ማስታወቂያው አንድ ቃል ልናገር።»

«ማስታወቂያው አለቀ እኮ» አሉ መምህር ኪዳነ ወልድ።

«ለእኔ አላለቀም መምህር። እትዬ ጌታነሽ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም የተሳሳቱት። ከሦስት ሳምንት በፊት ለእኔም ተጽፎልኝ ነበር። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት መሐል ሜዳ እንድገኝ። እኔም መጣሁ። አውቶቡሱ የሚቆምበት ጋ ሦስት ሰዓት ተኩል ቆምኩ። የጠራኝ ሰው ቀረ ብዬ አዘንኩ፤ በማግስቱ ተቀይሜ ተመለስኩ። ለካ የቀረሁት እኔ ነኝ። የት እንደምጠበቅ የገባኝ ዛሬ ነው፤ አሁን እዚሁ ቆሜ። ያ ሰው ይቅር ቢለኝ እዚሁ ይቅር ይበለኝ። ባይለኝም እውነቱን ይወቅልኝ።»

ሕዝቡ «ምን ይላል ይህ ልጅ» እየተባባለ ተያየ። ኮከብ ቀና አለች።

እንዴት እንዳየችው ልንገራችሁ ብል ይከብደኛል። መጀመሪያ አላመነችውም። ሦስት ሳምንት የተቆለፈው ልቧ በአንድ ጊዜ ሲከፈት ዓይኖቿ በእንባ ሞሉ። ያን እንባ ለመደበቅ መዝገቡን ፊቷ ላይ ያዘች። እትዬ ጌታነሽ ልጅቷን አየች፣ ማዕረግን አየች፣ እንደገና ልጅቷን አየችና «ውይ በሞትኩት» አለች በለሆሳስ። አቶ ገሠሠም አዩ።

ማዕረግ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ጋሼ ገሠሠ፣ ዛሬ ጠዋት የነገሩኝን አከብራለሁ። የአባት ቃል ነው። ሽማግሌ መላክ የሕይወቴ ትልቁ ምኞት ነው። ግን አንዱን ለሌላው ዋጋ አላደርግም። ሜዳውን ሰጥቼ የማገኛትን ሰው ቀና ብዬ ማየት አልችልም። እሷም አታየኝም። ስለዚህ ወረቀቱን እዘረጋለሁ። ሽማግሌም እልካለሁ። በርዎን ቢዘጉብኝ ሽማግሌዎቹ ደጅ ይጠናሉ።»

ወረቀቱን መሬት ላይ ዘረጋው፤ ነፋስ እንዳይወስደው በአራት ድንጋይ ጫነው። ሰው ከቦ አጎነበሰ። ፕላኑ ቀላል ነው። ነፋሱ በሚመጣበት በምሥራቅ በኩል ወፍራም የድንጋይ ግንብ ይቆማል፤ ተመልካቹ ጀርባውን ለግንቡ፣ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ይቀመጣል። መቀመጫው የተደረደረ የድንጋይ መደብ ሲሆን፣ ከላይ የተወሰነው በጓሳ ሣር ይከደናል።

«ቆርቆሮ በረዶ ሲዘንብበት የዳኛውን ፊሽካ አያሰማም» አለ። «ይህ ነፋስ ነቅሎ የወሰደውንም ቆርቆሮ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

«ሣሩስ ከየት ይመጣል? ጓሳ ለአጨዳ ዝግ ነው» አለ አንድ ገበሬ።

«በሚከፈትበት ቀን፣ በሽማግሌዎች ፈቃድ፣ ከየድርሻችን ትንሽ ትንሽ ይወጣል። ጋሼ ገሠሠ ማን ይጠግነዋል ብለዋል፤ ትክክል ናቸው። እኔ የምለው ግን ጓሳ የማን ነው? የማንም ስም የለበትም። ሆኖም አባቶቻችን ሲዘጉት ተዘግቶ፣ ሲከፍቱት ተከፍቶ እስከ ዛሬ አለ። ሜዳውም እንደዚያ ይሁን። በቤት እንካፈለው። ሀብታምም ሆነ ድሃ፣ እያንዳንዱ ቤት ሦስት ክንድ መደብ ይሥራ። የሠራትን ሦስት ክንድ እሱ ይጠግናት፤ ልጁ ይጠግናት። ባለቤቱ ይኸው ነው።»

ያን ጊዜ ያልተጠበቁት ሰው ተናገሩ፤ አቶ አባይነህ። በስብሰባ ላይ ድምፃቸውን የሰማ ሰው አልነበረም።

«እኔ መናገር አላውቅም» አሉ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ሃያ ዓመት መስመሩን ሳሰምር ሜዳው የማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ዝናብ ያጠፋዋል፤ መልሼ አሰምረዋለሁ። የአንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ያህል የምደክም አይመስለኝም።»

ተቀመጡ። ማዕረግ አባቱን አየ። «አመድ በታኝ» ያሏቸውን ሰው አቶ ገሠሠም ረዘም አድርገው አዩአቸው።

* * *

ድምፁ የተሰጠው በእግር ነው። መምህር ኪዳነ ወልድ «እጅ ስትቆጥር ሁለት የሚያነሳ አለ» ብለው፣ የአቶ ገሠሠን የሚደግፍ በገበያው በኩል ወዳለው ጎል፣ የማዕረግን የሚደግፍ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ወዳለው ጎል ይሂድ አሉ። ሰው መሄድ ጀመረ። የዲሽ ወጣቶችና የአቶ ገሠሠ ዘመዶች ወደ ገበያው። እትዬ ጌታነሽ ቅርጫቷን ተሸክማ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። ከኋላዋ ብዙ ሰው።

ኮከብ መዝገቡን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቀጥታ ወደ አባቷ ሄደች። ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«አባዬ» አለች፣ «ከእርስዎ አይደለም የምለየው። ከቆርቆሮው ነው።»

ኮከብ ዞራ ሜዳውን ማቋረጥ ጀመረች። የሄደችበት መንገድ ረዥም ነው፤ ሰው ሁሉ ያያታል። አንድም ጊዜ ግን አልቆመችም። ማዕረግ ያን ጊዜ የወደዳትን ያህል ከዚያ በፊት ወድዷት አያውቅም።

አጠገቡ ደርሳ ቆመች። በሰው ፊት ጎን ለጎን ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነው።

«ሦስት ሰዓት ተኩል?» አለችው በዝግታ፣ ፊቷን ሳትመልስ።

«ሦስት ሰዓት ተኩል።»

«እኔ እስኪመሽ ነበርኩ። የሜዳ መስመር ሲሰመር እያየህ ያደግክ ሰው፣ መሐል ሜዳ ስትባል ሜዳው አይታሰብህም?»

«አንቺን ስለማስብ ሌላ ነገር አልታሰበኝም።»

ልትቆጣው ነበር፤ አልቻለችም። ፈገግታዋ ቀደማት።

መቁጠር አላስፈለገም። ከሦስት እጅ ሁለቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነበር። ሰው ጨበጨበ፣ እልል አለ፣ እትዬ ጌታነሽ ቆሎ በነፃ በተነች። ማዕረግ ግን ሊደሰት አልቻለም። ማዶ ላይ አቶ ገሠሠ ነጠላቸውን ሰብስበው ቆመዋል። ጠዋት የተናገሩት ቃል ጆሮው ላይ ያቃጭላል። ሜዳውን አግኝቷል፤ በሩ ግን ተዘግቷል።

«አባዬ» አለች ኮከብ። «ወደዚህ እየመጡ ነው።»

አቶ ገሠሠ ሜዳውን በቀስታ አቋርጠው መጡ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ። ጫጫታው ቀስ በቀስ ጠፋ። ልጃቸውን አላዩም። ማዕረግ ፊት ቆሙ።

«አንተ» አሉት። «መደቡ የሚካፈለው በሰው ነው በቤት?»

«በቤት ነው ጋሼ። ለአንድ ቤት ሦስት ክንድ።»

«እንግዲያው ለእኔ ስድስት ክንድ ያዙልኝ።»

መምህር ኪዳነ ወልድ ፈጠን ብለው ገቡ። ባለ ሀብቱ በሌላ መንገድ ሊበልጡ የመጡ መስሏቸዋል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ ገሠሠ። ሕዝቡ የወሰነው እኩል ነው። ሀብታምም ድሃም ሦስት ክንድ ነው የተባለው።»

«ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ደህና ነው» አሉ አቶ ገሠሠ። «እኔም ከዚያ አልወጣሁም። ሦስቱ ለእኔ ቤት ነው።» ያኔ ነው ወደ ኮከብ የዞሩት። ፊታቸው ኮስተር እንዳለ ነው፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ። «ሦስቱ ደግሞ ገና ጎጆ ላልወጡት ለእነዚህ ነው። እነሱ እስኪችሉ እኔ እሠራላቸዋለሁ።»

እትዬ ጌታነሽ እልልታዋን ጀምራ አቋረጠችው፤ ልቅሶ ቀደማት። አቶ አባይነህ ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ ማድረግ ረስተው ቆመው ቀሩ። ኮከብ የአባቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ፊቷን ሸፈነችበት። ማዕረግ ዝቅ ብሎ የአቶ ገሠሠን ጉልበት ሳመ። ማዕረግና ኮከብ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ደስታው ከመብዛቱ የተነሳ ፈሩት።